ሦስተኛው መስመር

መምህር ማ ዶንግጊል ሞተው የተገኙት ረቡዕ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው። የጽዳት ሠራተኛዋ በፈተና ማሠልጠኛው አምስተኛ ፎቅ ያለውን የቢሯቸውን በር ስትከፍት፣ ከነጭ ሰሌዳቸው ሥር በግንባራቸው ተደፍተው አገኘቻቸው። ማጅራታቸውን የመታቸው ትልቁ የወረቀት መብሻ ጠረጴዛው ላይ ተመልሶ ተቀምጧል። ተጠርጓል፤ አሻራ የሚባል የለበትም። ገዳዩ ሰው ገድሎ ዕቃውን ቦታው የሚመልስ ዓይነት ሰው ነው።

አለቃዬ ባንግ ሰሌዳውን ሲያይ ጣቱን ቀሰረ።

"ጽፈውልናል እኮ!"

ሰሌዳው ላይ ሦስት የእንግሊዝኛ ቃላት ተደርድረዋል፤ ኢንስፔክት፣ ሳስፔክት፣ ሪስፔክት። አራተኛው ተጀምሮ ቀርቷል።

"ሳስፔክት ተጠርጣሪ ማለት አይደል? ሰውየው እየሞተ ነው የጻፈው።"

"አለቃ፣ ማጅራቱን የተመታ ሰው በማስመሪያ እያሰመረ አይጽፍም። ይኼ የነገ ትምህርታቸው ነው።"

"አንተ ደግሞ በምን አወቅህ?"

የማውቅበት ምክንያት ነበረኝ። መርማሪ ከመሆኔ በፊት አራት ዓመት እዚሁ ኖርያንግጂን፣ የመንግሥት ሥራ ተፈታኞች በሚከማቹበት ሰፈር፣ ተቀምጬ ለፈተና አጥንቻለሁ። መስኮት በሌላት ክፍል፣ እግሬን ስዘረጋ ግድግዳ እየነካ፣ በወረቀት ኩባያ የሚሸጠውን ሩዝ መንገድ ዳር ቆሜ እየበላሁ። ሦስት ጊዜ የጣለኝ እንግሊዝኛ ነው። በአራተኛው ያነሳኝ ደግሞ ይኸው ወለሉ ላይ የተደፋው ሰውዬ።

መምህር ማ ቃላትን በፊደል ዝምድና ነበር የሚያስተምሩት። ወፍራሙን ቢጫ መጽሐፋቸውን ያልተሸከመ ተፈታኝ በሰፈሩ አይገኝም። በጂ እና በኤል የሚጀምሩትን አንድ ላይ ሰብስበው "የብርሃን ቤተሰብ" ይሏቸዋል፤ ግሎው፣ ግሊም፣ ግሊተር፤ መጋል፣ ማንጸባረቅ፣ ማብለጭለጭ። በኤስ እና በኤን የሚጀምሩት የአፍንጫ ቤተሰብ ናቸው፤ ማስነጠሱ፣ ማንኮራፋቱ፣ ማሽተቱ ሁሉ እዚያ ነው። ሰሌዳው ላይ ያሉት ደግሞ የዓይን ቤተሰብ ናቸው። ኢንስፔክት ወደ ውስጥ ማየት ነው፣ መመርመር። ሳስፔክት ከሥር ቀና ብሎ ማየት ነው፣ መጠርጠር። ሪስፔክት መለስ ብሎ ማየት ነው፣ ማክበር። "ፖሊስ ልትሆኑ የምትፈተኑ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አትረሷቸውም፤ ሦስተኛውን ግን አላምናችሁም" ይሉን ነበር። እኛም እንስቅ ነበር።

ሐኪሙ የሞቱበትን ጊዜ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አደረገው። የአሳንሰሩ ካሜራ በዚያ መሀል ወደ አምስተኛ ፎቅ የወጣ አንድ ሰው ብቻ አሳየን፤ ኩክ ሚራን፣ ሠላሳ ሦስት ዓመቷ፣ ዘንድሮ ለሰባተኛ ጊዜ የምትፈተን። ሰባት ሰዓት ከአምስት ወጣች። ስምንት ሰዓት ከሩብ ፊቷን በእጇ ሸፍና ወረደች። ሐሙስ አምስት ሰዓት ላይ ይዘን አመጣናት።

"መምህሩ ጋ ምን ልትሠሪ ሄድሽ?"

"ልሰናበታቸው።"

"የት ልትሄጂ?"

"የግሌ ነው።"

"ሰው ሞቷል፤ የግል የሚባል ነገር የለም። ስንት ደቂቃ ቆየሽ?"

"አሥር ቢሆን ነው። ከዚያ ጣሪያው ላይ ወጥቼ አለቀስኩ።"

"አንድ ሰዓት ሙሉ?"

ቀና ብላ አየችኝ። "እርስዎ እዚህ ሰፈር አልቅሰው አያውቁም?"

አውቃለሁ፤ ያንኑ ጣሪያም አውቀዋለሁ። ግን አልነገርኳትም።

"ለቤተሰብ እንደውልልሽ?"

ወንበሩን ገፍታ ተነሳች። "እናቴ ጋ እንዳይደውሉ! እለምንዎታለሁ፣ የፈለጉትን ይጠይቁኝ፣ እናቴ ጋ ብቻ አይደውሉ።"

ባንግ ከጎኔ ሆኖ በክርኑ ጎሸመኝ። የሚደብቀው ነገር ያለው ሰው እንዲህ ነው ማለቱ ነው።

"ሕጉ አርባ ስምንት ሰዓት እንድናቆይሽ ይፈቅድልናል" አላት።

በጣቷ ስትቆጥር አየኋት። "ቅዳሜ አምስት ሰዓት ማለት ነው። የፈተናው በር ሦስት ሰዓት ከሃያ ይዘጋል።"

"ይዘጋላ።"

"አለቃ፣ የመጨረሻዬ ነው። ከዚህ ወዲያ ሌላ ፈተና የለኝም። ቅዳሜን ብቻ ይስጡኝና ከዚያ በኋላ እሰሩኝ።"

ኮሪደሩ ላይ ስንወጣ ባንግ "ትዋሻለች" አለ።

"የሆነ ነገርማ ትዋሻለች" አልኩ። አዘንኩላት፤ ግን አላመንኳትም።

በዚያው ከሰዓት የመጽሐፉን አሳታሚ አቶ ቢዮንን አገኘን። ረቡዕ ጠዋት ከመምህሩ ጋር በስልክ ሲጯጯህ ጸሐፊዎቹ ሰምተውታል፤ ለስምንት ሰዓትም ቀጠሮ ነበራቸው። ወፍራም፣ ላቡ የማይደርቅ ሰው ነው። ባንግ ገና ሲያየው ወደደው፤ ለገዳይነት ማለቴ ነው።

"እኔ ባቡር ላይ ነበርኩ! ከዴጆን የሚመጣው ባቡር ዘግይቶ ዘጠኝ ተኩል ነው የገባሁት። ጣቢያው ካሜራ የለውም እንዴ?"

ካሜራ ነበረው። ቢዮን በተባለው ሰዓት አንድ ካርቶን ዳቦ ታቅፎ መድረኩ ላይ ቆሞ ይታያል።

"ታዲያ ለምን ትጮህበታለህ?"

"እንዴት አልጮህ! መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ከገባ በኋላ የመጀመሪያውን ገጽ አውጡልኝ ይለኛል። የምስጋናውን ገጽ! ሁሉ ነገር ተሰናድቶ ካለቀ በኋላ!"

"ለምን አስወጣው?"

"እሱን አትጠይቁትም?" አለና፣ ሰውየው መሞቱ ትዝ ሲለው አፉን በእጁ ያዘ።

ባንግ ሳቁን አፍኖ ወጣ። እኔ "የምስጋና ገጽ" ብዬ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩና ቅጠሉን ገለበጥኩት። ቀልቤ ሁሉ ሰውየውና ባቡሩ ላይ ነበር።

ዓርብ ጠዋት የመምህሩን ረዳት ኦክ ቴሶንግን ጠየቅነው። ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ዘጠኝ ጊዜ ተፈትኖ ዘጠኝ ጊዜ ወድቋል። የቢሮው ቁልፍ አለው። የኋላው ደረጃ ደግሞ ካሜራ የለውም። ከሌላው ሰው ሁሉ በላይ እሱን ጠርጥሬ ነው የሄድኩት።

"ረቡዕ ከሰዓት የት ነበርክ?"

"ሁለተኛ ፎቅ፣ ንባብ ክፍል። ወረቀት ሳጠቁር።"

ወረቀት ማጥቆር ምን እንደሆነ በሰፈሩ የማያውቅ የለም። አንድን ቃል ነጭ ቦታ እስኪጠፋ ደጋግሞ መጻፍ ነው። እሱ ባለበት የጥናት ቡድን በጠዋቱ ፈተና ከአምስት ቃል በላይ የሳተ ሰው፣ የሳተውን ቤተሰብ አሥር ወረቀት ሙሉ አጥቁሮ በዚያው ቀን ያስረክባል። አንዱ ወረቀት ለፈጣን እጅ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። ኦክ ስድስት ሰዓት ላይ ባዶ ወረቀት ይዞ ሲቀመጥ፣ ዘጠኝ ተኩል ላይ አሥሩን ሲያስረክብ ቡድኑ በሙሉ አይቷል። በመሀል ያየው የለም። ንባብ ክፍሉ ውስጥ እያንዳንዱ ወንበር በጣውላ ተከልሏል፣ አንገቱን ቀና የሚያደርግም የለም። ግን ማየት ለምን ያስፈልጋል? ወረቀቶቹ አሉ።

"የሚያስተምር ሰው ቃል ይስታል እንዴ?" አልኩት።

"ባልስትማ ዘጠኝ ጊዜ እወድቅ ነበር?" ብሎ ፈገግ አለ። ፈገግታው አንጀቴን በላው።

አሥሩን ወረቀት ከቡድኑ ተረክቤ አገላበጥኳቸው። የብርሃን ቤተሰብ ነው፤ ግሎው፣ ግሊም፣ ግሊተር፣ ከላይ እስከ ታች። ጥቁርና ንጹሕ። እያንዳንዱ ሦስተኛ መስመር ትንሽ ይደበዝዛል። የዘንድሮ እስክሪብቶ እንዲህ ነው ብዬ ከመዝገቡ ጋር አያያዝኳቸው።

ልንወጣ ስንል ኦክ "ሚራንን ይዛችኋታል አሉ" አለ።

"ታውቃታለህ?"

"አንድ ቡድን ነን። ጎበዝ ናት።" ጠረጴዛው ላይ የተዛነፈውን መጽሐፍ ከሌሎቹ ጋር አስተካከለ። "ያሳዝናል።"

ያሳዝናል አለ እንጂ አታደርገውም አላለም። ይህን መንገድ ላይ ለባንግ ስነግረው "አንተ ደግሞ ሰው ባለቀሰም ባላለቀሰም ትጠረጥራለህ" አለኝ። "ሦስት ሰዓት ተኩል ሲጽፍ የዋለ ሰው መቼ ወጥቶ ይገድላል?" አሥር ወረቀት ያጠቆረን ሰው መጠርጠሬ ራሱ አሳፈረኝ። ያንን ስቃይ አውቀዋለሁ።

ወደ ማታ ባንግን ለመንኩት። "ቅዳሜ ትፈተን። ሁለት ሆነን በር ላይ እንቆማለን፣ ወዴት ትሄዳለች?"

"በገዳይነት የያዝናትን ልጅ ፈተና ወስደን እናስፈትን? ለጋዜጣ ምን ልንል? አምስት ሰዓት ይሙላ፣ ከዚያ እናያለን።"

ሚራን በበኩሏ ዘበኛውን ወረቀትና እስክሪብቶ ጠየቀችው። ባንግ እጁን አፋተገ። "ልትናዘዝ ነው። ቶሎ ስጧት!"

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከጣቢያው ወጥ ቤት የደረሰኝን ቁርስ ተሸክሜ ወረድኩ። ሩዝ፣ ኪምቺና ሾርባ። ሳህኑን ከፈት አድርጋ አየችና መልሳ ከደነችው።

"ዛሬ የባሕር ሣር ሾርባ?"

ክው አልኩ። በፈተና ቀን የባሕር ሣር የሚቀምስ ተፈታኝ የለም። ያንሸራትታል፤ የተጠናው ሁሉ ሾልኮ ይሄዳል ይባላል። እኔ ራሴ አራት ዓመት በሩቁ ስሸሸው ኖሬ፣ በእጄ አምጥቼ ሰጠኋት።

"ይቅርታ፣ ሳላስተውል ነው።"

"ግድ የለም። ባልፈተንም አልበላውም" አለችና እንባዋ መጣ። ከዚያ ሳልጠይቃት ተናገረች። "እናቴ ከሦስት ዓመት በፊት ያለፍኩ ነው የሚመስላት። በበዓል ሱፍ ለብሼ እሄዳለሁ። ለጎረቤቱ ሁሉ ልጄ የወረዳ ሠራተኛ ናት ትላለች። መምህር ማ 'ተይው፣ ሂጂና እውነቱን ንገሪያት' አሉኝ። እሺ፣ ቅዳሜን ብቻ ልሞክርና፣ አልኳቸው። ያለቀስኩት ለዚህ ነው። እናንተ ደውላችሁ ከምትሰማው..."

ወረቀቶቹ ከጎኗ ነበሩ። ኑዛዜ የለባቸውም። ሦስቱን አጥቁራቸዋለች።

አነሳኋቸው። የመጀመሪያው ወረቀት አናት ላይ ፊደሎቿ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ወደ መሀል ዘንበል ይላሉ። ሦስተኛው ወረቀት ግርጌ ላይ ሰፍተዋል፣ ተዝረክርከዋል፣ መስመሩን ለቀዋል። እጅ ሲዝል እንዲህ ነው። ደግሞ አንዱ መስመር ሌላውን አይመስልም።

ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወጥቼ መዝገቡን ከፈትኩ።

የኦክ አሥረኛ ወረቀት ልክ እንደ መጀመሪያው ትኩስ ነበር። መስመሮቹ ደግሞ ሦስት ሦስት ሆነው መንትያ ናቸው። አንዱ ላይ የኤል አናት ከተንቀጠቀጠ፣ ከሥሩ ያሉት ሁለቱም በዚያው ቦታ በዚያው ልክ ተንቀጥቅጠዋል። የደበዘዘው ደግሞ ሁልጊዜ ሦስተኛው ነው። ቀለም ያለቀበት እስክሪብቶ ሁለት መስመር አጥቁሮ በሦስተኛው ብቻ አይደክምም። እስክሪብቶው አንድ አልነበረም። ሦስት እስክሪብቶ በላስቲክ ታስሮ በአንድ እጅ የተጻፈ ነው፤ አሥሩ ወረቀት በአንድ ሰዓት ከምናምን ያልቃል።

በዚያ ሰፈር ይህን ያልሠራ የለም። እኔም ሠርቼዋለሁ። በቅጣት ጊዜ ሁላችንም የምናጭበረብረውን ማጭበርበር፣ ለፖሊስ ማስረጃ አድርጎ ያቀረበ ግን እሱ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ቃላቱን ሳነብ መስመሩን ሳላይ አንድ ቀን ሙሉ አለፈኝ። በራሴ ተናደድኩ።

ወዲያው ቢዮን ጋ ደወልኩ። ከእንቅልፉ ነው የተነሳው።

"ያ የምስጋና ገጽ የማን ስም ነበረበት?"

"የረዳቱ ነዋ፣ የኦክ። 'ቃላቱን በየቤተሰባቸው ለሰበሰበልኝ' ይላል። ምነው?"

ባንግ ወረቀቶቹን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዞ ለረጅም ጊዜ አያቸው።

"በላስቲክ ነው ሰው የምንይዘው?"

"የት ነበርክ ለሚለው መልስ የለውም ማለት ነው፣ አለቃ። ቁልፍ አለው፣ ቂም አለው፣ ሁለት ሰዓት ትርፍ ጊዜ አለው። አሁን የፈተናው በር ላይ ነው። እሷም እዚያው ትምህርት ቤት ነው የተመደበችው።"

"እሷን ደግሞ ማን አነሳት?"

"እኔ። ይዘናት እንሂድ።"

ጢሙን አሻሸ። "ካመለጠች ጡረታ እስክትወጣ ወረቀት ነው የማስጠቁርህ።"

ከንብረት ክፍሉ መታወቂያዋንና የፈተና ካርዷን ብቻ አስፈርሜ አወጣሁ፤ ቦርሳዋ ከነዕቃው ለምርመራ ተልኳል። ሦስት ሰዓት ከአሥር ላይ ትምህርት ቤቱ ደረስን። የበሩ ዓምድ ላይ እናቶች ለዕድል የለጠፉት ከረሜላ ይታያል። ባንግ ከሚራን ጋር መኪናው ውስጥ ቀረ። ኦክ ከሰልፉ መጨረሻ ቆሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቃላት ያነበንባል።

"ቦርሳህን ክፈትልኝ።"

ዓይኑን ገለጠ። "መርማሪ፣ ከፈተናው በኋላ አይሆንም?"

"አሁን ነው።"

ደብተሮቹ በቁመታቸው ተደርድረዋል። ከጎናቸው፣ በቢጫ ላስቲክ የታሰሩ ሦስት እስክሪብቶዎች። አወጣኋቸውና ወደ ብርሃኑ አነሳኋቸው።

"ሦስተኛው ቀለም ጨርሷል" አልኩት።

"እርስዎም ከዚህ ሰፈር ነዎት፣ ወንድም ጋሼ?"

"አራት ዓመት። ለምን አልጣልካቸውም?"

"ሁለቱ ይጽፋሉ እኮ።" ትከሻው ወደቀ። "ልገድላቸው አልወጣሁም። ቅጣቱን ቶሎ ጨርሼ ስሜን እንዲመልሱልኝ ልለምናቸው ነው የወጣሁት። ዘጠኝ ዓመት የለቀምኩት ነው። 'ዘጠኝ ጊዜ የወደቀ ሰው ስም ያለበትን መጽሐፍ ማን ይገዛል?' አሉኝና ጀርባቸውን ሰጥተውኝ መጻፋቸውን ቀጠሉ። ዞረውም አላዩኝም።"

"ሚራንስ?"

"ሰኞ ልናገር ነበር። ከፈተናው በኋላ።"

"የእሷ ፈተናስ?"

እጁን አሰርኩት። ለባንግ ምልክት ስሰጠው የመኪናው በር ተከፈተና ሚራን ካርዷን ጨብጣ እየሮጠች መጣች። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ "አራት ደቂቃ!" እያለ ይጮሃል። በሩ ጋ ስትደርስ ግን ኪሷን ደባበሰችና ቆመች።

"ማቅለሚያ እስክሪብቶዬ! ቦርሳዬ ውስጥ ነው!"

መልስ የሚቀባው ወፍራሙ ጥቁር እስክሪብቶ ነው፤ ማረሚያው ማሽን ሌላ አያነብም። ኪሶቼን ሁሉ በረበርኩ። ተራ እስክሪብቶ እንጂ ሌላ የለኝም። ሱቁ ከመንገዱ ማዶ ነው። ይህን ሳላስብ ቀርቻለሁ።

ኦክ የታሰሩ እጆቹን ወደ ጃኬቱ ኪስ አስጠጋ። ተቸግሮ ማቅለሚያውን አወጣና ዘረጋላት።

"አዲስ ነው" አለ። "አልከፈትኩትም።"

ሚራን እጆቹን አየች፣ ብረቱን አየች፤ ያኔ ሁሉም ነገር ገባት። ለሁለት ቀን እንዴት እንደተዋት ገባት። ለመቀበል እጇን የምትዘረጋ አልመሰለኝም ነበር። ከዚያ እስክሪብቶውን ከእጁ ነጠቀችና ሮጠች። በሩን አልፋ ጥቂት እንደሄደች ቆም አለችና መለስ ብላ አየችው። ከዚያ ሕንጻው ውስጥ ገባች፣ በሩም ተዘጋ።

መኪናው ውስጥ ከኋላ ከጎኔ አስቀመጥኩት። ባንግ ሞተሩን ሲያስነሳ ኦክ "አለቃ፣ የፈተናው መጀመሪያ ደወል እስኪደወል ብቻ" አለ። ባንግ በመስታወቱ አየኝና ሞተሩን አጠፋው። አፍንጫውን በመሐረብ እየጠረገ ወደ ውጭ ማየት ጀመረ።

አርባ ደቂቃ ጠበቅን። አራት ሰዓት ላይ ደወሉ ተደወለ። ኦክ ዓይኑን ጨፈነ፤ የቀኝ እጁ ጣት ጉልበቱ ላይ መጻፍ ጀመረ። ቀስ ብሎ፣ አንድ በአንድ መስመር። ከልክለው የሚለኝ ሰው አልነበረም፣ እኔም አልከለከልኩትም።